ግድግዳውን በግራ

የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ቦርሳ ተቀባይ የማታውቀው የሰው ጉዳይ የለም፤ ይሄ ሰውዬ ግን እንቆቅልሽ ሆነባት። ተማሪ ነው፤ ዕድሜው ግን ከሌሎቹ ተማሪዎች አባቶች ጋር እኩያ ነው። የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል፤ አንድ እግሩ ሲያርፍ ሌላው ይነሳል። ኮምፕሌክስ አናሊሲስ የሚሉት የሂሳብ ትምህርት መጽሐፉ ውስጥ ለገጽ ምልክት ያደረገው የሕፃን ልጅ የፀጉር ሪባን ነው፤ ስለ ልጅ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በዚሁ ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ዘንድሮ ከደገመው ይባረራል።

ጥቂት ያነብና ወጥቶ ሕንፃውን ይዞራል፤ ሁልጊዜ ግድግዳውን በግራው አድርጎ። ዘበኛው "ነካ ያደርገዋል" ቢላትም፣ እሷ ወሬን ከምንጩ መቅዳት ትወዳለችና ራሱን ጠየቀችው።

"እትዬ፣ ፈተናው ላይ አንዲት ነጥብ መዞር አለ። ነጥቧን በግራ ይዘው ሲዞሩ መልሱ ልክ ይመጣል፤ በቀኝ ከሆነ የመልሱ ምልክት ይገለበጣል፣ ፕላሱ ማይነስ ይሆናል። ሁለቴም የጣለኝ ይኸው ነው። ጭንቅላቴ እምቢ ቢለኝ እግሬን እያስተማርኩ ነው።"

"ታዲያ ዲግሪውን የሚቀበለው ጫማዎ ነዋ!" አለችው።

በፈተናው ጠዋት በመስኮት አየችው። ሪባኑን ቀኝ እጁ ላይ ጠምጥሞ እየተጣደፈ ይዞራል። ግድግዳው በቀኙ ነው።

የሰው ቦርሳ ጥላ ወጣች። "ኧረ በግራ! በግራ ያድርጉት፣ ወንድሜ!"

ሰውዬው ቀጥ አለ። ግድግዳውን አየ፤ እጁን አየ። ከዚያ ሪባኑን ቀስ ብሎ ፈታና ግራ እጁ ላይ አስሮ ወደ ፈተናው ገባ።