ግራኙ ክንድ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን አንኮበርን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ነው። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህኛው ግን ጭራሽ እየጠራብኝ መጥቷል።

አባቴን የገደለው አንድ ግራኝ የጣሊያን ሃምሳ አለቃ ነው። ጠመንጃ ደብቀሃል ብሎ ደጃችን ላይ በሳንጃ ወጋው። እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ አየሁ፤ ምንም አላደረግኩም። አናጢ ነበርኩ፣ በርና መስኮት ነበር ሥራዬ። በማግስቱ መጥረቢያዬንና መሮዬን ይዤ ጫካ ገባሁ፤ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀልኩ።

ጥይት ብርቅ ስለነበር ጓዶቼ ሳንጃ የያዘን ሰው በጩቤ መግጠም ይለማመዱ ነበር፤ ግንድ ላይ በታሰረ፣ ገለባ በተሞላ ጆንያ። ጆንያ ግን መልሶ አይወጋም። ስለዚህ ለጆንያው ከወይራ ክንድ ጠረብኩለት፤ ክርኑን በጠፍር አጋጠምኩ፤ ጫፉ ላይ በሳንጃ ልክ ዱላ አሰርኩ። ገመዱ ሲሳብ ወደ ፊት ይወረወራል። የሠራሁለት ግራ እጅ ነው።

ሰይድ የሚባል የአሊዩ አምባ ጨው ነጋዴ አብሮን ነበር። ሁለት ሦስቴ ሞከረውና፣ "ወንድሜ፣ ይሄ በር ነው እንጂ እጅ አይደለም። ሰው እንዲህ አይወጋም" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሰው እንዴት እንደሚወጋ ለማወቅ ደግሞ ልረሳው የምታገለውን ማስታወስ ነበረብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አባቴን ደጋግሜ አስገደልኩት። በመጨረሻ ትዝ አለኝ፤ ሰውየው ከመውጋቱ በፊት ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ ነበር።

ለትከሻው ሌላ መጋጠሚያ ሠራሁ። ሰይድ ገመዱን ሲስበው ትከሻው ልክ እንደዚያ ሰውዬ ዝቅ አለ። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ክንድ ጋር ስታገል ጎኔ በልዞ ከረመ።

መስከረም ላይ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት የሃምሳ አለቃውን ጦር አድፍጠን ጠበቅን። ተኩሱ ሲበርድ ሃምሳ አለቃው ሳንጃውን ቀስሮ ከቋጥኝ ጀርባ ወጣብኝ። ትከሻው ዝቅ አለ። ሳላስበው ዞርኩ። ሳንጃው በብብቴ ሥር አለፈ፤ እኔ ጩቤዬን ጎኑ ላይ ሰካሁት። ወዲያው ሞተ።

ከሳምንት በኋላ ተደብቄ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን ስነግራት ሰማችኝና፣ "የማን ልጅ እንደሆንክ ነግረኸዋል?" አለችኝ።

አልነገርኩትም። ጊዜም አልነበረኝ፣ ቋንቋውንም አላውቅ። እናቴ ፊቷን አዞረች።

ስለ ገደልኩት ተጸጽቼ አላውቅም፤ የንስሐ አባቴም ይህን ያውቃሉ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሰው ማን እንደገደለው ሳያውቅ፣ አንድ ተራ ሽፍታ መስዬው መሞቱ ነው።