ለእኔ የተቀመጡት ጎማዎች

ፀሐይ የመታው ጎማ ሽታ ሲያጋጥመኝ ቶሎ ብዬ ነው የማልፈው። ሰሞኑን ግን ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ የተደረደሩ የሞተር ሳይክል ጎማዎች ሸተቱኝና ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ምን ነካህ አትበለኝ፤ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከእሱ ጎን የሽመና ጉድጓድ ተቆፈረልኝ። ጠዋት እግሬን እዚያ ውስጥ ከትቼ መርገጫውን ስረግጥ እውላለሁ፤ ሲመሽ የደነዘዘ እግር ይዤ እወጣለሁ። በትንሿ መስኮት የሚገባው ብርሃን ክሩን እንጂ ፊታችንን አያሳይም ነበር። ደጅ ላይ ሞተር ባለፈ ቁጥር ልቤ አብሮት ይሄዳል። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ቤት ውስጥ አየር ያጥረኝ ነበር።

አባቴ ይህን ያውቃል። በጉብዝናው ጊዜ ጋቢና ነጠላ ለደንበኛ የሚያደርስበት ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱን ሲያመው አቆመው። መሬት ያልነኩ ሁለት አዲስ ጎማዎች ግን በጆንያ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ አስቀመጠልኝ። ለእንቁጣጣሽ ያወርዳቸውና የሞተር ዘይት በነካ ጨርቅ ያሻቸዋል። ክር የሚያመላልስበትን የእንጨት መወርወሪያ እንዳይሰነጠቅበት ዘይት ይቀባው የለ፣ ጎማም እንደዚያው መስሎት ነው። ማብረቅረቃቸውን ያየ ጎረቤት ሁሉ ያደንቅለት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከተማ ውስጥ ዕቃ የሚያደርሱ ባለ ሞተሮች እየተፈለጉ ነው ሲባል ሰማሁ። ሞተሩን አሠራነው፤ የቀረው ጎማ መግጠም ብቻ ነበር። ጎማዎቹን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ስወስድ ሰላም ያላልኩት ሰው የለም።

ጎሚስታው ጥርሳቸውን አይቶ አዲስ ናቸው አለኝ። ቀጥሎ የአንዱን ጎን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አጠፈው። ከሚያብረቀርቀው ቆዳ ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ብቅ አለ። ሁለተኛውም ያው ነበር።

«ጎማ እኮ ተቀምጦም ያረጃል። ይሄን ደግሞ ዘይት በልቶታል» አለኝ። «የእንጦጦን ቁልቁለት በዚህ ከወረድክ አትመለስም።»

ሌላ ጎማ መግዛት በዚያን ጊዜ ለእኛ ቤት የማይታሰብ ነበር። እኔን የጨነቀኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት እየሳሳህላቸው ያበላሸኻቸው አንተ ነህ ብዬ ለአባቴ እንዴት ልንገረው?

ቤት ስደርስ ሞተሩን አጥቦ፣ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ለምን እንዳልገጠምኳቸው ጠየቀኝ።

«ሐሳቤን ቀየርኩ አባዬ» አልኩት። «እዚሁ ካንተ ጋር ብሠራ ይሻለኛል።»

ነቅቶብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ፊቱ በራ፤ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም።

«ልሂድ ብትል አልከለክልህም ነበር» አለኝ። «ግን ብቻዬን መቀመጡን ፈርቼው ነበር። በል አምጣቸው፤ ለልጅህ ይቀመጣሉ።»

ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ። በዚያ ጉልበቱ መሰላል ወጥቶ ራሱ መልሶ ሰቀላቸው። እኔም ገብቼ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩ። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የአገሩን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ። እወደው ነበር፤ መሄድም እፈልግ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቀና ብዬ አላየሁትም።