የኑርሁሴን ክንድ በአተም ሲለካ

ኑርሁሴን ከአባቱ የወረሰው ሁለት ነገር ነው፤ ጨፋ ላይ ማሽላ የሚዘራባት ጠባብ መሬትና ማንም የማያክለው ቀኝ ክንድ። መሬቲቱ ዓመለኛ ናት፤ አንድ ዓመት ታበላለች፣ አንድ ዓመት ትከዳለች። ክንዱ ግን ከድቶት አያውቅም። ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ሲዘረጋ፣ የሌላው ሰው ክንድ አልቆ የሱ ገና መንገድ ላይ ነው።

በሰንበቴ ገበያ ጨርቅ በክንድ ይሸጥ ነበር፤ በማን ክንድ እንደሚለካ የሚመርጠው ደግሞ ገዢው ነው። ስለዚህ የከሚሴ ሴቶች ጨርቅ ሊገዙ ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠሩት ኑርሁሴንን ነበር። መኪና ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይለቁለታል፤ ክንዱ እንዳይጨናነቅ። ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁራል። እሱ የሚቀበለው ምርቃት ብቻ ነው፤ ምርቃቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያስኬደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ታዲያ ትልቁ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ጀማለዲን ሱቃቸው ውስጥ የብረት ሜትር ሰቀሉ።

«ከእንግዲህ ክንድ የለም» አሉት ኑርሁሴንን። «ብረቱ መቶ ሴንቲ ነው፣ የታወቀ ነው። ያንተ ክንድ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? ቁጥሩን በወረቀት አምጣና እንነጋገራለን።»

ኑርሁሴን ክንዱን አጥፎ ወጣ። ክንዱ ከቀረ እሱ ማን ሊባል ነው? ማሽላው የማይሰምርለት አንድ ረጅም ሰውዬ። በማግስቱ ኬሚስትሪ ወደምታስተምረው የወንድሙ ልጅ ሄደ።

«አካም ቡልቴ፣ ሩመይሳ፤ እንደምን አደርሽ። ክንዴን ለኪልኝ።»

ለካችው። «ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፣ አጎቴ። የሰው ክንድ እንዲህ ሲረዝም አይቼ አላውቅም።»

«ሃምሳ ሁለት?» አለ ቅር ብሎት። «የጎረቤቴ የአብዱልጀሊል ፍየሎች እንኳ በቁጥር ከዚህ ይበልጣሉ።»

«ቁጥሩ እንዲበዛ መለኪያው ማነስ አለበት።»

«እንግዲያው አሳንሺው።»

ወደ ሚሊ ሜትር ወረደች፤ አምስት መቶ ሃያ ሆነ። ፊቱ አልተፈታም። ወደ ናኖ ሜትር ወረደች፤ አምስት መቶ ሃያ ሚሊዮን ሲባል ትንሽ ፈገግ አለ። «ከሱ በታችስ ማን አለ?» አላት።

«አተም አለ። ነገር ሁሉ የተሠራበት ቅንጣት ነው፣ በዓይን አይታይም። ጎን ለጎን ቢደረደር አንድ ሴንቲ ላይ መቶ ሚሊዮን ያህል ይሰለፋል። ስለዚህ ያንቱ ክንድ አምስት ቢሊዮን ከሁለት መቶ ሚሊዮን አተም ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ኑርሁሴን ከመቀመጫው ተነስቶ። «ይሄ ነው የኔ ክንድ። ጻፊው።»

የሐጂ ብረት በዚሁ ሒሳብ አሥር ቢሊዮን እንደሚሆን ልትነግረው አፏን ከፍታ፣ ፊቱን አይታ መልሳ ዘጋችው። በምትኩ ጥፍር በየሰከንዱ አሥር አተም ያህል እንደሚያድግ ነገረችው። ባትነግረው ይሻል ነበር።

ሐጂ ጀማለዲን ወረቀቱን ተቀብለው ዜሮዎቹን ሁለቴ ቆጠሩ። «እሺ፣ የሚመጣው እሑድ ክንድህ ሽማግሌ ባለበት ይለካል። ከዚህ ወረቀት አንዲት አተም ከጎደለ ግን ጨርቅ የሚለካው በብረቱ ነው» አሉት።

ኑርሁሴን ቤቱ ሄዶ ዛፍ ጥላ ሥር ጣቱን ዘርግቶ ተቀመጠ።

«ሰውዬ፣ ማሽላውን ወፍ ጨረሰው» አለችው ሚስቱ ዓዲላ።

«ሥራ ላይ ነኝ። ከተቀመጥኩ ሺህ አተም ጨምሬያለሁ።»

ዓርብ ጧት ግን ዓዲላ ምላጭ ይዛ መጣች። ጥፍሩን ከቆረጠ አርባ ቀን ሞልቶታል፤ ከዚያ ማሳለፍ ደግሞ በሃይማኖታቸው አይፈቀድም። እስከ እሑድ ብቻ ታገሺኝ ብሎ ለመናት።

«አላህን በአተም ልትሸውደው ነው?» አለችው።

ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ሰጣት። ቁራጩን ይዞ ሩመይሳ ዘንድ ሮጠ፤ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ሠላሳ ሚሊዮን አተም። ወግ ነውና ጓሮ ቀበረው፤ ሠላሳ ሚሊዮን ዘመድ የቀበረ ይመስል ምሳም አልበላ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሱቁ በር ላይ ተቀመጡ፣ ሴቶቹም ከበቡ፣ ሩመይሳም የትምህርት ቤቱን የእንጨት ሜትር ይዛ መጣች። ሴቶቹ የጥፍሩን ነገር ሰምተዋል። «ዝም በል፣ ማን ይቆጥረዋል» ብለው በጆሮው አንሾካሾኩ። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። እሱ ግን አላስቻለውም።

«ሐጂ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው አይሞላም። ዓርብ ጥፍሬን ተቆርጬ ሠላሳ ሚሊዮን ጎድሎብኛል።»

ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ሐጂ ብረታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ሰማችሁ? ብረት ጥፍር የለውም።»

ሩመይሳ የእንጨቱን ሜትር ከብረቱ ጎን አስጠጋችው። ብረቱ አጠረ። ጫፉ በሞረድ ተበልቶ ያብረቀርቃል። «ሁለት ሴንቲ ይጎድለዋል» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

ኑርሁሴን በጣቶቹ አሰላ፤ ሁለት መቶ ሚሊዮን። ሊያሾፍ አልነበረም፤ የሠላሳ ሚሊዮኑ ሐዘን ገና አልወጣለትምና ከልቡ አዘነላቸው። ጠጋ ብሎ ትከሻቸውን ያዘና፣ «አይዞዎት ሐጂ፣ አንቱም ዓርብ ለት ነው የቆረጡት?» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ፍርድ መስጠት አላስፈለጋቸውም። ሐጂ ራሳቸው ብረቱን ከጠረጴዛው ሥር ከተው፣ የጨርቁን ጣቃ ፈትተው የኑርሁሴን ክንድ ፊት ዘረጉለት።