መምህሩን የማናደድ ሥራ

እትዬ መርፌ የሚሏት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙን ያወጣላት ምላሷ ነው። ባሏ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ፣ አንድ ቃል ካገኘ አባቱን ሳይጠይቅ የማያሳልፍ ጉደኛ ነበር። ክፍሉ ፊት ቆሞ «ይህ ቃል የማን ልጅ ነው?» ይላል። ተማሪዎቹም አልራሩለትም፤ «መምህር የማን ልጅ» ብለው አወጡለት። እሱ ጭራሽ ስሙን ወደደው።

አብልጦ የሚወደው ጥንታውያኑን ቃላት ነው። እንግሊዞች የራሳችን ናቸው ብለው የሚምሉባቸው የግንብ፣ የሻማ፣ የማድ ቤትና የትራስ ስሞች ሳይቀሩ፣ በሮማ ወታደርና ነጋዴ አፍ ከላቲን የመጡ እንግዶች ናቸው ይል ነበር። መንገዱን «ስትሪት» የሚሉት «ስትራታ» ከሚለው ነው፤ የተነጠፈ ማለት፤ ሮማውያን መንገዳቸውን በድንጋይ ያነጥፉት ነበርና። ይህን ሁሉ ምሳ ላይ ይተርክላታል። እሷ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች «እሺ፣ እሺ» ትለዋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ! አንዱም ጠብ አይልላት።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ ዝሏል፣ ምላሱም ተሳስሯል። ይሰማል፣ ይገባዋል፤ ሊናገር ሲል ግን «እ… እ…» ብቻ ነው። የንግግር ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ወጣት ናት፤ የድመትና የወንበር ሥዕል እያሳየች ስሙን ትጠይቀዋለች። እሱ ሥዕሉን አይቶ እንባ ያቀርርና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

«ተስፋ አይቁረጡ፤» አለቻት ሐኪሟ ስትወጣ። «ግን ዝም ባለ ቁጥር እየከበደው ይሄዳል። የሚያናግረውን ነገር ይፈልጉለት።»

እትዬ መርፌ ወገቧን ታጠቀች። ዝም ሊል? በእሷ ቤት? ምን ሲደረግ! የስፌት መኪናዋን ከፊተኛው ክፍል አስነስታ እሱ ከሚቀመጥበት መስኮት አጠገብ አስተከለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏ አላረፈም። ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ ጨርቅ መወደድ አወራችለት። ወሬ ሲያልቅባት ወደ እሱ ቃላት ዞረች። አንድ ቀን የሰው ቀሚስ እየተኮሰች፣ «ያ ስትሪት የምትለው የሮማ ንጉሥ ስም ነው አይደል ያልከኝ?» አለችው። ከልቧ ነው፤ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

መምህሩ ፊቱ ደም መሰለ። በግራ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ደበደበ።

«ስ… ስት… ስትራታ!»

ካውያውን ቀሚሱ ላይ እንደተወችው ነው ዘላ ያቀፈችው። አንገትጌው ነደደ። ይንደድ!

ከዚያ ወዲያ ዋና ሥራዋ እሱን ማናደድ ሆነ። ለመሳሳት እንደሁ መማር አያስፈልግ! «ሻማን ካንድል ያሉት ስለሚቀልጥ ነው፤» ትላለች። «ካን… ካንዴላ!» ይልና ወደ አምፖሉ ይጠቁማል፤ ከማብራት ነው የመጣው ማለቱ ነው። «ኪችን ማለት የጭስ ቤት ነው፤» ትላለች። «ኮ… ኮኪና!» ይላል፣ ላቡ ጠብ እያለ፣ ግራ እጁን በድስት ውስጥ እንደሚያማስል ሰው እያዞረ።

ሴት ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ ይህን ብታይ ጮኸች።

«እማዬ! አባዬን በንዴት ልትገይው ነው እንዴ?»

«ይናደዳ! ዝም ከሚለኝ ቢቆጣኝ ይሻለኛል።»

ሐኪሟም ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች፤ እውነቱን ግን አልደበቀችም። ሲደጋገም የኖረ ቃል እንደ ዘፈን በራሱ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ከባዱ ሰው የገዛ ሐሳቡን መናገሩ ነው። «ይቀጥሉ፤» አለቻት። «የምንጠብቀው ግን የራሱን ንግግር ነው።»

ቀጠለች። ላቲኑ እየጠራ ሄደ። በራሱ ቋንቋ ግን ወፍ የለም፤ ውሃ እንኳ የሚጠይቀው በጣቱ ነበር። ይባስ ብሎ ተንኮሏን ነቃባት። «ግንብን ዎል ያሉት ግንበኛው ሰካራም ስለነበረ ነው፤» ብትለው አልተቆጣም። ፈገግ አለና ዓይኑን ጨፈነ። የባሰ ውሸት ጨመረች። ዝም። ከዚያ የባሰም ፈጠረች። አሁንም ዝም።

እትዬ መርፌ አልቻለችም። የምትሰፋውን እጅጌ ጭኗ ላይ ጣለችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ተወው በቃ፤» አለችው። አሁን ልታናድደው አልነበረም። «አንተ ስትለፈልፍ ይህ ቤት ሙሉ ነበር። አሁን ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው። ሄደሃል። እዚሁ ቁጭ ብለህ ሄደሃል፤ እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ።»

ወንበሩ ሲጥ አለ። ቀና ስትል ዓይኑን ገልጦ እያያት ነው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«ስ… ስ…»

ያንኑ የድሮውን ቃል ሊያርማት መሰላት። «ስትራታ ነው፤ አውቄዋለሁ፤ ተወኝ አልኩህ እኮ!»

ራሱን በኃይል ግራና ቀኝ ነቀነቀ። የዛለ እጁን በደህናው ደግፎ አነሳና የገዛ ደረቱ ላይ አሳረፈው።

«ስህ… ስህተት፤» አለ። «አ… አለሁ።»

እትዬ መርፌ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወንበሯን ጎተተችና ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«አልሰማሁህም፤» አለችው። «ድገመው።»

ደገመው።