የሾላዬ ጥላና የጣሊያን ችካል

በሬ ይሰረቃል፣ ፈረስ ይሰረቃል፤ ጥላ ይሰረቃል ብሎ ግን ማን ያስባል? እኔ ተሰርቄያለሁ። ሌባውም በቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ በጣሊያን ደንብ ነው የሰረቀኝ። ያን ሰው ዛሬም ይቅር አላልሁትም፤ ይህንንም የምጽፈው ይቅር ለማለት እንዳይመስላችሁ።

በመተማ ገበያ ዳር፣ ከጉምሩኩ በታች አንዲት ሾላ ነበረችኝ። ነበረችኝ ስል ተክያት አይደለም። አባቴ ከደጋ ወርደው ቆዳ መነገድ ሲጀምሩ ከጥላዋ ሥር ተቀመጡ፤ እሳቸው ሲያርፉ እኔ ተቀመጥሁ፤ በቃ የእኛ ሆነች። በዚያ ዘመን የገበያ ቦታ የሚወረሰው እንዲህ ነበር። ጨው ሻጭ የት እንደሚቀመጥ፣ ሰሊጥ የት እንደሚፈስ፣ ግመል የት እንደሚንበረከክ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ግመሎቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር። የሾላዬ ጥላ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥላ ነበር ብዬ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ገላባት ያለ ሰው በእኩለ ቀን ከድንበሩ ማዶ ሆኖ ይበርደው ነበር።

ጥላዋ ለእኔ መቀመጫ ብቻ አልነበረም። እርጥብ ቆዳ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ዙሪያውን በችካል ይወጠራል፣ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። በጥላ ነው ያልሁት! የመተማ ፀሐይ የነካችው ቆዳ እንደ ክረምት ጭቃ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ከሱዳን የሚሻገሩት ጀላባዎች፣ ቆዳ ገዢዎቼ፣ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ስንጥቅ ያገኙ እንደሆነ «ላ! ላ!» ብለው ግመላቸውን ያዞራሉ። እንግዲህ ሾላዋ ከሌለች ቆዳ የለም፤ ቆዳ ከሌለ እንጀራ የለም።

ጣሊያን መጣ። ከጣሊያን ጋር አንድ ካፒቴን መጣ፤ ከካፒቴኑ ጋር አንድ አስተርጓሚ መጣ። ካፒቴኑ ገመድና ችካል የሚወድ ሰው ነበር፤ ቆሞ የተገኘውን ሁሉ ይለካል፤ እኔን ራሴን ሳንቀላፋ ሳይለካኝ አልቀረም። አስተርጓሚው አገሩ ሩቅ ነው፤ የእኛን ሙቀትም የእኛን ሰውም አያውቅም። ጣሊያን የሰጠው የቡሽ ባርኔጣ ስለሚሰፋው ራሱን ወደ ግራ ሲያዞር ባርኔጣው ወደ ፊት ማየቱን አይተውም።

አንድ ጧት ገበያተኛው ሁሉ ተሰብሰብ ተባለ። ካፒቴኑ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ደረቱን ነፍቶ ተረጎመ።

«ስሙ! መንግሥት ከተማ ሊሠራላችሁ ነው። ከተማ ማለት እንደናንተ መዝረክረክ አይደለም። ነጭ ችካል የተተከለበት የንጹሕ ንግድ ሰፈር ነው፤ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ሳሙና። ጥቁር ችካል የተተከለበት የሚሸት ንግድ ሰፈር ነው፤ ቆዳ፣ ማረጃ፣ የዘይት መጭመቂያ። ያለሰፈሩ የተገኘ ዕቃው ይወረሳል፣ ጀርባው ይገረፋል!»

«ጌታው፣» አልሁ ከኋላ፣ «በርበሬ የት ነው የሚውል? አይሸትም፤ ግን ያስነጥሳል።»

ገበያው ሳቀ።

«ዝም በል!»

«እሺ። ግመልስ? ግመሉ ይሸታል፤ የጫነው ስኳር ነው። ስኳሩ ነጭ ችካል ጋ ሲራገፍ ግመሉ ጥቁሩ ጋ ሆኖ አንገቱን ያስረዝም?»

ያን ጊዜ ሕዝቡ እንዴት እንደሳቀ! አስተርጓሚው እኔ ዘንድ መጣና ጣቱን ከአፍንጫዬ ሥር ቀሰረው።

«አንተ ፋቂ! ሽታህ ካንተ ቀድሞ ነው የሚደርስ። ከችካሉ ወዲያ! ደንብ ነው።»

አባቴን የሚያውቁ ሰዎች ቆመው ሲሰሙ ነው ይህን ያለኝ። ቆዳ መነገዴን አልክድም፤ እሱ ግን ቃሉን የወረወረው ለስድብ ነው። ዘወር ብዬ ሳይ ነጩ ችካል የተመታው ከሾላዬ ግንድ ሥር ነው። የጥቁር ችካሉ ሰፈር ደግሞ ከከተማው ውጭ፣ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ፣ ዛፍ ቀርቶ ጥላ የሚጥል እሾህ የሌለበት ሜዳ ነው። እኔና ቆዳዬ ወደዚያ ተነዳን። ጥቂት ሰንብቶ ከሾላዬ ሥር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ ተሠራ። ባለሱቁ ማን ይመስላችኋል? ራሱ አስተርጓሚው! ሳሙና፣ ማካሮኒ፣ አረቄ ደረደረ፤ ካፒቴኑም ሲመሽ እየመጣ በእኔ ጥላ ይናፈሳል። ደንቡ ለማን እንደተቆረጠ ያኔ ገባኝ።

ሜዳው ላይ ቆዳዬ ሁሉ ተሰነጣጠቀ። በሬ የሚያህል ቆዳ ጧት ወጥሬ ማታ ስመለስ የጥንቸል ያህል ተኮማትሮ አገኘዋለሁ። ጀላባዎቹ «ላ» ማለት እንኳ ሰለቻቸውና በሩቁ እጃቸውን እያወዛወዙ ያልፉኝ ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝና፣

«ከቆዳው ይልቅ የደረቅህ አንተ ነህ፤ አንተን ብንሸጥህ ይሻላል» አለችኝ።

«የሚገዛኝ ካገኘሽ ሽጪኝ።»

«ስንጥቅህ በዛ እንጂ!» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ቆዳዬ በፀሐይ ተቃጠለ። በቀሌን ግን በጥላ አደረቅሁት፤ እንዳይሰነጠቅብኝ በየቀኑ እያገላበጥሁ።

ጊዜው የመጣው በሐጂ ሱቅ ነው። ሐጂ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ የዝባድ ነጋዴ ነበሩ። ዝባድ ጥርኝ ከምትባለው አውሬ የሚወጣ ቅባት ነው፤ በበሬ ቀንድ ተጠቅጥቆ ከሩቅ አገር ይመጣና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ፈረንጅም ሽቶው ውስጥ ይጨምረዋል ይባላል። ከጤፍ ፍሬ ያነሰው በዘይት ከሟሟ አሮጊትን ሙሽራ ያደርጋል። ከዚያ በለጠ ማለት ግን… ምን ልበላችሁ፣ ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ሰፈር ይቀይራሉ። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይብሳል። ይህን መተማ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አስተርጓሚው ግን መተማ አላደገም።

ከሐጂ ጋር ተቀምጬ ስንጫወት ያ ባርኔጣ በበሩ ገባ።

«አንተ ሽማግሌ፣» አላቸው፤ አባቱ የሚሆኑትን ሰው! «ትልቁ ሹም የከተማውን ፕላን ሊያዩ ይመጣሉ። ሱቄ መዓዛው እንዲያውዳቸው እፈልጋለሁ። ምን አለህ?»

«ዝባድ አለ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ በእርጋታ። «ከጤፍ ፍሬ አታስበልጥ። በጥጥ ነክተህ፣ በዘይት አሟሙተህ…»

«ከጤፍ ፍሬ?» ብሎ ዓይኑን አጠበበ።

እኔ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ዝም ማለት ግን አልፈጠረብኝም።

«ኧረ ሐጂ፣ ይህን ያህል መሰሰት ምንድን ነው?» አልሁ። «ለሱዳን ሰው በቀንድ በቀንዱ እየሸጡ ለእኚህ ጌታ በጤፍ ፍሬ? የሮማ ንግሥት እኮ ጧት ጧት ገላዋን የምትታጠበው በዝባድ ነው ይባላል!»

ሐጂ ደነገጡ። «አንተ ሰው፣ ምን እያልህ ነው? አይሆንም፣ ልጄ፣ እኔን ስማኝ…»

ሐጂ «አይሆንም» ባሉ ቁጥር የአስተርጓሚው ዓይን ይበልጥ ጠበበ። ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና ውድ ዕቃ የደበቁት መሰለው።

«ቀንዱን በሙሉ አምጣ!» አለ።

እኔም አንዲት ነገር ጨመርሁለት። «በእኛ አገር አዲስ ቤት ሲመረቅ መቃኑ ቅቤ ይቀባል፤ መቼም ጌታው ያውቁታል።»

«እንዴት አላውቅም!» አለ። አላውቅም ማለት ነውሩ ነበር።

ሐጂ ቀንዱን ከሰጡት በኋላ አፍጥጠው አዩኝ። «እኔ እውነቱን ነግሬዋለሁ፤ አላህ ምስክሬ ነው።»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ሐጂ። ምስክርዎ እሆናለሁ።»

ትልቁ ሹም የመጣ ቀን ፀሐይዋ የምታደርቀው ቆዳ አጥታ ሰው ላይ ወርዳለች። እኔ ቆዳ አልነካሁም፤ ከአስተርጓሚው ሱቅ ራሱ ባስገዛሁት ሳሙና ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ከሕዝቡ ፊት ቆምሁ። ሰውየው ቀንዱን በሙሉ ከቅቤ ጋር ለውሶ መቃኑን፣ መደርደሪያውን፣ ወንበሩን፣ የሾላዬን ግንድ ሳይቀር ቀብቶታል። ቆርቆሮው ግሏል። ከመንደሩ ውሾች አንዱም አልነበረም፤ በጧት ወደ ሱዳን ተሰደዋል።

ሹሙ ከመኪናው ወረደ፤ ደረቱ ላይ የተሰካው ብረት ቢቀልጥ ማረሻ ይወጣዋል። ወደ ሱቁ ተራመደ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ መሐረቡን አወጣ። ካፒቴኑን ጮኸበት፤ ካፒቴኑ አስተርጓሚውን ጮኸበት። አስተርጓሚው በቋንቋቸው ሲለፈልፍ ጣቱ ወደ እኔ ተቀሰረ፤ ሽታው የፋቂው ነው ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጣሊያንኛ አያስፈልግም።

ሹሙ መጣና አሸተተኝ። ሳሙና! ከዚያ ወደ መቃኑ ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን ዓይነት ቦታ ነው ይህ፣ ይሉሃል» አለ አስተርጓሚው።

«እኔ መሃይም ነኝ በልልኝ፣» አልሁት። «ደንቡ ግን ያስተማርኸኝ ነው። የሚሸት ቦታ ጥቁር ችካል ይተከልበታል። ተርጉም እንጂ!»

ምን ብሎ እንደተረጎመው እስካሁን አላውቅም። ረዘም አድርጎ ነው የተናገረው። ሹሙ ግን ንግግሩ ሳያልቅ አፍንጫውን ይዞ በሌላ እጁ ችካሉን አመለከተ። አፍንጫ አስተርጓሚ አይሻም።

መቃኑን በሎሚ አጠቡት፣ በአመድ ፈተጉት፤ እንጨቱ ጠጥቶታል፣ ግንዱም ጠጥቶታል። ካፒቴኑ ፕላኑ ከሚበላሽ ሰፈሩ ይለዋወጥ አለ። ከሾላዬ ሥር ነጩን ነቅለው ጥቁር ችካል መቱ፤ ሜዳው ላይ ጥቁሩን ነቅለው ነጭ መቱ። በጣሊያን ደንብ የተነጠቅሁትን ጥላ በጣሊያን ደንብ ተቀበልሁ! ሽታው ለእኔ ምኔ ነው? በቆዳ መሐል ያደገ አፍንጫ ነው። አስተርጓሚው ቆርቆሮውን አፍርሶ ሜዳው ላይ ተከለ። ሳሙናው ቀልጦ በሱቁ ወለል ፈሰሰ፤ በክረምት ዝናብ ሲመታው ሜዳው ሁሉ አረፋ ሆኖ ወደ ሽንፋ ወንዝ ወረደ፤ የወንዙ ዓሣ እንደዚያ ዓመት ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ይህ የበቃኝ መስሏችሁ ነበር? አልበቃኝም።

ጣሊያን ከመተማ ሲወጣ ገመዱን ይዞ ሄደ፤ ችካሉን ግን ተወው። ነጭ ጥቁር ሳልል ሁሉንም ነቅዬ ሰበሰብሁ። ቀጥ ያለ፣ የሾለ፣ ምስጥ የማይበላው እንጨት ነው፤ ቆዳ መወጠሪያ እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ትኩስ የበሬ ቆዳ ዘርግቼ ሳለሁ አስተርጓሚው መጣ። ባርኔጣው የለም፤ የራሱ ቆዳ በፀሐይ ተልጧል። ጌቶቹ ጥለውት ሄደዋል፤ አገሩ ሩቅ ነው። ከጥላው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«አያ፣» አለኝ። አያ! «እስኪበርድ ከጥላው ልረፍ።»

ሐጂ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ተወው፣ ይግባ። ይበቃሃል» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። እዚህ የሚቀመጥ የቆዳ ሰው ብቻ ነው።» መዶሻውን ወደ እሱ ወረወርሁለት። «ዙሪያውን ወጥርና ግባ።»

ሐጂን አየ፤ ሐጂ ምድር ምድሩን አዩ። ፀሐይዋን አየ። ከዚያ ተንበረከከና ደሙ ያልደረቀውን ቆዳ ጫፉን ይዞ ጎተተ። ራሱ ያስተከለውን ችካል አንድ በአንድ እያነሣ መታ። ሲጨርስ ከግንዱ ሥር ተቀመጠ፤ ሐጂ ውኃ ሰጡት። ቅሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁ አፍንጫው ጋ ደረሰና ፊቱን አዞረ።

ጠጋ ብዬ አሸተትሁት።

«ሽታህ ካንተ ቀድሞ ነው የሚደርስ» አልሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ቆዳ ዘረጋሁለት።