ርሆቦትና ሽቦው ያላየው አድራሻ

ዝናቡ ከተማችንን ቆሰበርን ከንጋት ጀምሮ ይዟታል። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለው የባጃጅ ተራ ላስቲክ ተከናንበን ቆመናል። ከፊቴ ርሆቦት ነበረች፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ክሊኒክ ኮምፒውተሮቹን የምትይዘው ወጣት። ተራዋ ሲደርስ ወደ ተራ አስከባሪው ወደ ኪዳኑ ጠጋ ብላ፣ “ወረፋዬን ከኋላ ላሉት እናት ስጥልኝ። እኔ መሆኔን ግን አትንገራቸው” አለችው።

“እናቴ! እዚህ ይምጡ፣ ቦታ አለ!” ብሎ ጮኸ ኪዳኑ።

እትዬ በቀለች የቅቤ ቅላቸውን አቅፈው ገቡ። ማን እንዳስገባቸው አላወቁም። ርሆቦት ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄደች።

ደግ ሥራ ነው። ቀድሞ የመጣብኝ ግን ጥርጣሬ ነበር። ንጹሕ ሰው ለምን ይደበቃል? ያን ሰሞን እንዲህ ብሎ የማይጠይቅ አልነበረም።

እትዬ በቀለች የግምጃ ቤት ከተማ ሰው ናቸው፤ ቅቤ ይሸጣሉ። ክሊኒኩ የጉበት በሽታ አገኘባቸው። በቅቤ የሚተላለፍ እንዳልሆነ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ነገር ግን ወሬው ከሐኪሙ ቀድሞ ገበያ ወጣ። የዱሮ ደንበኞቻቸው ቅሉን እያዩ መንገድ ያቋርጡ ጀመር። “ገበያው ያወቀውን ከማን እደብቃለሁ?” ብለው ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ወሬውን ማን አወጣው? ጣት የተቀሰረው ርሆቦት ላይ ነው። ያንን የሚያከብደው የሁለቱ ሴቶች ቅርበት ነው። አባቷ በግምጃ ቤት ጋሪ የሚነዳ ሰው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሬራ የሚያጠጧት እትዬ በቀለች ነበሩ። ኋላ ጌታን ተቀብላ ወደ እኛ ማኅበር ስትመጣ፣ ከዘመዶቿ ብዙዎቹ ሲሸሿት፣ እሳቸው በአዊኛ “ልጄ” ማለታቸውን አልተዉም። አሁን ግን ደጃቸውን ዘጉባት።

የዚያኑ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ አዝመራው አስጠራኝ። ከመጻሕፍት የለቃቀምኳት የኮምፒውተር ዕውቀት አለችኝና፣ “ይምጡና ይመስክሩ” አለኝ። ስገባ ርሆቦት ቆማለች።

“ሽቦው አይዋሽም” አለ አዝመራው፣ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን የሚመዘግበውን ማሽን እያሳየ። “የበሽተኞችን መዝገብ የያዙ ሦስት ሰርቨሮች አሉን፤ የሚጠሩት ግን በአንድ የጋራ አድራሻ ነው። ደንቡ ይኸው ነው። የአንቺ ፕሮግራም በጓሮ በር በቀጥታ ሁለተኛው ሰርቨር ጋ ይገባል። ሁልጊዜ ሁለተኛው! እዚያ ምን አስቀምጠሻል?”

“ፕሮግራሜ የሚጠራው የጋራውን ነው። ራሱን ይጠይቁት።”

ጠየቅነው። ፕሮግራሙ “የተገናኘሁት ከጋራው አድራሻ ጋር ነው” አለ።

አዝመራው ሳቀ። “ሽቦው ሌላ፣ ፕሮግራሙ ሌላ! ባለቤቱን መስሏላ!”

እኔም ልቤ ወደ ሽቦው አደላ። ሁለት ምስክር እንዲህ ሲለያይ አንዱ ሐሰተኛ መሆን አለበት አልኩ በልቤ።

ርሆቦት ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ እንየው፣ ፕሮግራም ከውጭ ጋር የሚነጋገርበትን አፍ ሶኬት ይሉታል።”

“የግድግዳውን?”

“የግድግዳውን አይደለም” አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። “ድሮ መካከል ላይ አንድ የበር ማሽን ነበር። ጥሪው ሁሉ በጋራው አድራሻ እዚያ ይደርስና ለሦስቱ ይከፋፈላል። ባለፈው እድሳት በሩ ቀረ። አሁን ማከፋፈሉን የሚሠራው ከርነሉ ነው፣ የራሱ የኮምፒውተሩ እምብርት። ፕሮግራሙ ‘ከጋራው አገናኘኝ’ ሲል፣ ጥሪው ገና ሳይወጣ፣ ሶኬቱ ላይ አድራሻውን ከሦስቱ በአንዱ ይቀይረዋል። ፕሮግራሙ ተመልሶ ‘ከማን ጋር ነኝ?’ ቢለው ‘ከጋራው’ ይለዋል። ሽቦው ላይ የሚወጣው ግን የተቀየረው ነው።”

“አልገባኝም” አለ አዝመራው።

“የባጃጅ ተራውን ያስቡት። ሰው ‘ሆስፒታል’ ይላል፤ ኪዳኑ አንዱ ባጃጅ ላይ ያስቀምጠዋል። መንገድ ላይ የቆመው ትራፊክ የሚያየው ታርጋ ብቻ ነው። ‘ኪዳኑን አላየሁትም፤ እንግዲህ ሰዎቹ ተራ አልጠበቁም’ ቢል ልክ ነው?”

ጠዋት በባጃጅ ተራው ያየሁት ፊቴ ተደቀነ።

“ሁልጊዜ አንድ ባጃጅ የሚደርስሽስ?” አለ አዝመራው፣ እንደ ያዛት ሁሉ።

“ምርጫው አንዴ ነው፤ መስመሩ ሲከፈት። ከተሳፈሩ በኋላ እስኪወርዱ ባጃጅ አይቀየርም። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ መስመሩን ከከፈተ አይዘጋውም። ልዝጋውና ይዩ።”

ዘጋችው፤ ከፈተችው። ሽቦው ላይ ሦስተኛው ሰርቨር ወጣ። ደገመችው፤ አንደኛው ወጣ። የጋራው አድራሻ አንዴም አልታየም። የሒሳብ ክፍሉን ፕሮግራም ዘግተን ከፈትነው፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ሽቦውም አልዋሸም፣ ፕሮግራሙም አልዋሸም፤ አዝመራው ግን የሌለ በር አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል።

አዝመራው ወንበሩን አዞረ። “ይኼ በጓሮ እንዳልገባሽ ያሳያል” አለ። “እንዳላወራሽ አያሳይም።”

“አያሳይም” አለች ርሆቦት።

ያቺ አንዲት ቃል ናት የኔን ጥርጣሬ ያሟሟችው። የሚዋሽ ሰው እዚያች ላይ ይሟገት ነበር። አዝመራው ግን ለእትዬ በቀለች ስለ ጓሮ በሩ ቀድሞ ነግሯቸዋል። “ሄደህ አስተካክልላት” ስለው፣ “ያየሁትን ነው የተናገርኩት” ብሎ ስልኩን አነሳ። ወሬውን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬም አይታወቅም። ያየ አምላክ ግን አለ።

አብረን ወጣን። ዝናቡ አባርቷል። ርሆቦት ከሱቄ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች።

“ጋሼ፣ እትዬ በቀለች እርስዎን ያምናሉ። ላስቸግርዎት?”

“ምን ልርዳሽ?”

“ሄደው የጓሮ በር የሚባል እንደሌለ ያስረዱልኝ። በአዊኛ፣ ቀስ ብለው። ‘አላወራችም’ ብለው ግን አይማሉልኝ፤ እሱን እርስዎም አላዩም።”

“ያየሁትስ? ጠዋት ባጃጅ ተራ ነበርኩ እኮ።”

ደነገጠች፤ ሻርፗን እንደገና ሳበች።

“እሱን ይተዉት፣ ጋሼ። የሽቦውን ብቻ ይንገሩልኝ።”