የኦሪን ሉሚስ የጉድጓድ ደብተር

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሰሜን ፔንሲልቬንያ በጌርድ ሆሎ ቀበሌ የምትኖሩ ገበሬዎች፣ ላሞችና ጠበቆች ሁሉ እወቁ! የስልሳ ሦስት ጉድጓዶች አባት፣ የአንዲት ዝገታም ፒክአፕና የሁለት ሰው ሠራሽ ጥርሶች ባለቤት የሆኑት ክቡር ኦሪን ሉሚስ፣ ዘንድሮም እንደ ዓምናው ቁርሳቸውን በሰላም ሊበሉ ፈቅደዋል!

የሰውየው ምኞት ይህቺው ብቻ ነበረች። ሰባ ሦስት ዓመት ኖሮ ጠላት አላፈራም፤ ይህም በጌርድ ሆሎ ትልቅ ሥራ ነው። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሀብቱ ሚስቱ ሉዌላና ከመስቀለኛው መንገድ ቁርስ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሚቀመጠው ዴል ሃቨንስ ነው። ዴል ስልሳ ላም ያልባል፤ ስለ ስልሳውም ያማርራል።

ከዚያ ጋዙ መጣ። ከላሞቹ እግር ሥር አንድ ማይል ተኩል ወርዶ ጥቁር አለት አለ፤ በአለቱ ውስጥ ጋዝ ታስሯል። ኩባንያው ውሃና አሸዋ፣ እንዲሁም ስሙን ለማንም የማይነግረውን መድኃኒት በኃይል እየሰደደ አለቱን ይሰነጥቅና ጋዙን ያወጣዋል። ይህን ያህል ያወቀ ሰው የቀበሌውን ግማሽ ሕዝብ በእውቀት ይበልጣል፤ ለመጨቃጨቅ ግን ከዚህም ያነሰ ይበቃል።

የፖስታ ሳጥኖቹ በበራሪ ወረቀት ታፈኑ። በኩባንያው ወረቀት ላይ ላሚቱ ትስቃለች። በተቃዋሚዎቹ ወረቀት ላይ ያችው ላም እግሯን ሰቅላ ሞታለች። ላሚቱን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ዴል መሬቱን ለኩባንያው አከራየ፤ ጎተራውም ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ አገኘ። ልጁ ከሰው አገር ተመልሶ በጋዙ ቦታ ሥራ ገባ። «ይኸው፣ ልጄ እሁድ እሁድ ከእኔ ጋር ይበላል። ይህን የትኛው ወረቀት ላይ ጻፉት?» ይላል ዴል፤ እውነቱን ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለችው ጡረተኛ የሳይንስ አስተማሪ ኮሪን ፔቲስ ደግሞ አልፈርምም አለች። «መንገዱን የጭነት መኪና ፈጨው፤ ከጉድጓዱ የሚወጣውንስ ቆሻሻ ውሃ የት ሊደፉት ነው?» ትላለች፤ እሷም እውነቷን ነው። ሁለት እውነት በአንድ ቀበሌ ሲኖር ምን እንደሚከተል ማንም ያውቃል፤ ሰላምታ ይቀራል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 መከር ላይ የኮሪን የወጥ ቤት ቧንቧ ያስለው ጀመር። ነጭ አረፋ ተፋ። ኮሪን ክብሪት ጫረችና ብታስጠጋው ውሃው በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። ኩባንያው ሚስተር ትሬንት የሚባል፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቡትስ ያደረገ ቃል አቀባይ ልኮ፣ «ጋዙ ከጥንትም በውሃዎ ውስጥ ነበረ፤ የተፈጥሮ ስጦታ ነው» አላት።

ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ ኦሪንን አስታወሰ። ኦሪን ጉድጓድ ቆፍሮ ሲጨርስ አንድ ልማድ ነበረው፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ክብሪት ይጭራል። ነደደም አልነደደ፣ ከጥልቀቱ ጎን በደብተር ይጽፋል። የኮሪንንም ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ትሬንት ነው፤ የሉዌላን የፖም ኬክ አመስግኖ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጋሽ ኦሪን፣ ደብተሩን አንዴ ልየው?»

«ቅዳሜ በእሳት አደጋ አዳራሽ የዶሮ ምሳ አለ። ማየት የፈለገ ሁሉ እዚያ ያየዋል» አለ ኦሪን። ይህን ብሎ ኬክ ሊጨምርለት ወደ ጓዳ ገባ። ብልህ ሰው ነኝ ባይ ኦሪን፣ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር።

በማግስቱ ኮሪን መጣች።

«ጋሽ ኦሪን፣ እውነቱን ብቻ ያንብቡልኝ። ሌላ አልለምንዎትም።»

«እትዬ ኮሪን፣ እርስዎ ልጄን በሳይንስ ሁለቴ ጥለውታል። እውነት ምን እንደምታደርስ ቤታችን ያውቃታል።»

ሦስተኛው ዴል ነበር፤ ቁርስ ቤት፣ ፓንኬኩን ሽሮፕ እያጠጣ።

«አትክፈተው።»

«ምኑን?»

«አትቀልድ። ሴትዮዋ ካሸነፈች ማሽኑን ያስቆሙታል፤ ልጄም ይሄዳል። ያን ደብተር ከከፈትከው፣ እዚህ ወንበር ላይ ከሌላ ሰው ጋር ቁጭ በል።»

ኦሪን ያን ቀን እንቁላሉን አልጨረሰም። ሉዌላ ማታ ፊቱን አይታ፣ «ዴል ነው?» አለችው።

«ዴል ነው።»

«ታዲያ ዝም ብትልስ?»

«ዝም ካልኩ ሴትዮዋ እሳት እየጠጣች ልትኖር ነው።»

«ስለዚህ ወሰንክ።»

«አልወሰንኩም። ከፍቼ አነብና ከዚያ እወስናለሁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የጋዝ ወገን በቀኝ፣ የውሃ ወገን በግራ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ወገን ግን ከአንድ ምድጃ የወጣ ዶሮ በላ፤ በሆድ ጉዳይ ጌርድ ሆሎ ተከፍሎ አያውቅም። ትሬንት አፉን ጠራርጎ ተነሣ።

«ኩባንያችን ቃል ይገባል! የወይዘሮ ፔቲስ ጉድጓድ ድሮ አይነድድም ነበር የሚል ጽሑፍ ከተገኘ፣ ሰኞ አዲስ ጉድጓድ እናስቆፍርላቸዋለን!»

እንዲህ ደረቱን የነፋው ያየው ነገር ስለነበረ ነው፤ ኬኩ እስኪመጣ ደብተሩን ገልጦታል። አሁንም ኦሪን ከኪሱ ሲያወጣው ጠብቆ ቀማውና ራሱ አነበበ።

«የፔቲስ እርሻ! 1971! ጥልቀት መቶ ሰማንያ ጫማ! ይነድዳል!»

 ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት በሳቅ ፈረሰች።

«ልጄ፣ የፔቲስ እርሻ እኮ የዴል ቤት ነው!»

እዚህ አገር እርሻ የሚጠራው በሸጠው ሰው ስም ነው። የገዛው ሰው ስሙ ከመሬቱ ጋር ሲጠራ ለመስማት ወይ መሸጥ ወይ መሞት አለበት። የኮሪን ባል አባት ያን ኮረብታ በ1980 ለዴል ሸጠው፣ ከማዶ የጋርሎክ እርሻ ወደሚባለው ተሻገሩ፤ ደብተሩ የያዘው ደግሞ ጉድጓዱን ያኔ ያስቆፈረውን ሰው ስም ነው። ዴል ሠላሳ ዓመት ቢያርሰውም የፔቲስ እርሻ እንደተባለ ቀርቷል። ይህን ጌርድ ሆሎ ውስጥ ውሾችም ያውቃሉ። ትሬንት ግን አገሩን ያጠናው በካርታ ነው።

ኦሪን ደብተሩን ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደና መነጽሩን አደረገ።

«የጋርሎክ እርሻ። 1969። ጥልቀት መቶ አርባ። ክብሪት ሦስት ጊዜ። አይነድድም።»

የግራው ወገን በጭብጨባ ተነሣ። የኮሪን እጅ አፏ ላይ ነበር።

«ቁጭ በሉ» አለ ኦሪን። «ወረቀታችሁ ላይ ‹ከኩባንያው በፊት አንድም ውሃ ነድዶ አያውቅም› ብላችሁ ጽፋችኋል። ከስልሳ ሦስቱ ጉድጓድ አሥራ አንዱ ነድደዋል፤ ያኔ ኩባንያ አልነበረም። እሱን ሰርዙት።»

ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ኦሪንን የወደደው ሰው ኮሪን ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ዴል ከቀኝ በኩል ተነሥቷል፤ ፊቱ ቀይ ቀለም እንደተቀባው ጎተራው ቀልቷል።

«ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ጋዝ ስታጠጣኝ ኖርክ!»

«አላጠጣሁህም። ከጉድጓድህ ክዳን ላይ የቆመው ቆልማማ ቧንቧ ምን ይመስልሃል?»

«የባርኔጣ መስቀያ ነዋ!»

«የጋዙ መውጫ ነው፤ ያኔውኑ የተከልኩት እኔ ነኝ። ጋዙ ወደ ሰማይ፣ ውሃው ወደ ቤትህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለሻጭህ ነግሬዋለሁ። የሸጠልህ ሰው ለምን እንዳልነገረህ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ባለፈው ዓመት ያችን ሽባ ትራክተር የሸጥከው አንተው ነህ።»

ሳቅ አዳራሹን ሞላው። ዴል ግን አልሳቀም፤ ኬኩን ሳይነካ ወጣ። በጌርድ ሆሎ ኬክ ትቶ የሚወጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ጨክኗል።

ሰኞ የኩባንያው ሰዎች በቃላቸው ታስረው ለኮሪን መቆፈር ጀመሩ። ሰኞ ኦሪንም ከመስኮቱ ሥር ብቻውን በላ። ማክሰኞም ብቻውን በላ። አስተናጋጇ የዴልን ሲኒ ፊት ለፊቱ አስቀምጣ ስታነሣ፣ ሰውየው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ረቡዕ በሩ ተከፈተ። ዴል ነው፤ ባርኔጣውን አላወለቀም፤ አልተቀመጠም።

«ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ክብሪት ያዝ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ዴል ግቢ ሄዱ። ዴል ከጉድጓዱ በላስቲክ የወተት ዕቃ እስከ ግማሹ ድረስ ውሃ ቀድቶ፣ አፉን በመዳፉ ደፍኖ ናጠው። መዳፉን ሲያነሣ ኦሪን ክብሪቱን አስጠጋ። ቱፍ! ሰማያዊ ነበልባል ወጣና ጠፋ።

«እንደገና» አለ ዴል።

ቱፍ!

«ተመልከት! ከኮሪን አይበልጥም?»

«በጣም ይበልጣል።»

«ታውቃለህ፣ ኩባንያው ሳይመጣ ጋዝ ነበረኝ ማለት ነው! ሁሉንም ቀድሜያቸዋለሁ!»

«ሠላሳ ዓመት ባርኔጣ ሰቅለህበት» አለ ኦሪን፤ ዴልም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ዛሬ የኮሪን ቧንቧ አያስልም፤ ውሃዋ ጥሩ ነው። እሷ መቃወሟን፣ ዴልም መደገፉን አልተዉም። ዓርብ ዓርብ ሦስተኛ ወንበር ስባ ከሁለቱ ጋር ትቀመጣለች፤ አዲሱን ወረቀቷን ለዴል ትሰጠዋለች፤ እሱም የፈሰሰ ሽሮፕ ይጠርግበታል። ኦሪን በመካከል እንቁላሉን ሙሉ በሙሉ ይጨርሳል። ሉዌላ ሰውነቱ ጨምሯል ትላለች።

አንተ ግን፣ ሁለቱንም ወረቀት ሳታነብ ወገን መርጠህ የተቀመጥክ አንባቢ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ነገ ጠዋት ተነሥና፣ ሰላም ካልከው ዓመት ያለፈውን የዚያን ጎረቤትህን በር አንኳኳ፤ ሲከፍትልህም እባክህን መጀመሪያ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቀው።